አንገቴ የቡና ቁርስ የሆነ ዕለት

ሰሞኑን ከመንጋጋዬ ሥር፣ በስተግራ በኩል፣ አንዲት ሽምብራ የምታህል ነገር ብቅ አለች። ሽምብራ ያልኳት ለባለቤቴ ስነግረው ነው። በማግስቱ ለጎረቤቴ ስነግራት ባቄላ አከለች። ማታ ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ በስልክ ሳወራት እንቁላል አደረስኳት፤ ያውም የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ያልኩት እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። በኋላ ሐኪም ፊት ስቀርብ ነገርዬዋ ተመልሳ ሽምብራ ሆና ቁጭ! እጢ የሚያብጠው በበሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በወሬም ያብጣል።

እኛ ሰፈር ደግሞ ያበጠ ነገር የግል ንብረት አይደለም፤ ቡና ላይ ይቀርባል። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ቆሎዬን በቀኝ ጥርሴ ብቻ እየቆረጠምኩ (ለምን በቀኝ ብቻ እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ) ሻሼን ፈታ አድርጌ አንገቴን አቀረብኩ። መጀመሪያ የዳሰሰችኝ ባለቡናዋ ናት። "ቶንሲል ነው" አለች። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ቀጠለች፤ ብር እንደምትቆጥር በሁለት ጣቷ ፈተግ ፈተግ አድርጋ "የለም፣ እንቅርት ሊጀምርሽ ነው" አለችኝ። የላይ ቤቷ ሳትነካኝ ከሩቅ አየችና "ዓይን ነው። ያንን አረንጓዴ ቀሚስ አትልበሺው ብዬሽ አልነበር?" ስትል ፈረደች። የሰፈሩ አዛውንት እማማ ግን ዳሰሱኝ፣ ዝም አሉ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ የሳቸው ነው፤ እማማ ከንፈር የመጠጡለት ሰው ሲተርፍ አላየሁም።

ከዚያ የላይ ቤቷ ቀስ ብላ እጇን ወደ ራሷ አንገት ላከች። "ውይ!" አለች። "እኔም ጋ አለች!" ባለቡናዋ ጀበናውን አስቀምጣ የራሷን ፈለገች፤ አገኘች። ገንዘብ ያዧ ሁለት አገኘች፤ እሷ መቼም በሒሳብ አትበለጥም። አቦል ላይ በሽተኛዋ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በረካ ላይ አራት ሆነን ተነሣን።

ለነገሩ ያላገኘች ብትኖር ነበር የሚገርመው። ሰው ገላ ውስጥ ከ500 በላይ እንዲህ ያሉ እጢዎች አሉ። ንፍፊት የምንለው እነሱ ሲያብጡ ነው። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ዋነኞቹ ሰፈሮቻቸው ናቸው፤ ጤነኛ ሰውም አጥብቆ ከፈለገ አንዷን በጣቱ ያገኛታል። እኛ ደግሞ አጥብቀን ስንፈልግ ለክፉ አይስጠን።

ከበረካው በኋላ መድኃኒቱ መጣ። የማን ቤት ነው ያቺ የብስኩት ቆርቆሮ የሌለችበት? ብስኩቱ ካለቀ አሥር ዓመቱ ነው፤ ውስጧ ያለው መርፌና ክር፣ የጠፋ ሬዲዮ ባትሪ፣ ከዚያ ደግሞ "ሲሻለኝ ተውኩት" የተባለ ግማሽ አሞክሳሲሊን። ከሦስት ቤት ሦስት ግማሾች ተዋጡና ለኔ አንድ ሙሉ መድኃኒት ሆነ። እቁባችን እንኳን እንዲህ በሰዓቱ ሞልቶ አያውቅም። ጊዜው ያለፈበት እንደሆነ ለማየት መነጽር የያዘ ሰው ስላልነበረ አላየንም። እኔም አንዷን ዋጥ አደረግኩ፤ ብርጭቆውም ዞረ። አትሳቁ፤ የናንተንም ቆርቆሮ አውቀዋለሁ።

ሳስበው ግን ጥፋቱ የኛ ብቻ አይደለም፤ የቋንቋችንም አለበት። አማርኛ ያልዘፈነለት የሆድ ዕቃ የለም። ስንወድ "ሆዴ" እንላለን። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል። ደፋሩን ሐሞተ ኮስታራ፣ ፈሪውን ሐሞተ ቢስ እንለዋለን፤ ያናደደንን "ጨጓራዬን ላጠው" ብለን እንከሰዋለን። ኩላሊት እንኳን ከልብ ጋር ተደርድሮ ለጸሎት ይጠራል። "ንፍፊቴ ነሽ" ብሎ የዘፈነ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያቺ በየቀኑ የምንጠቅሳት "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" እንኳን ስንመረምራት አድሏዊ ናት። እንቅርት የታይሮይድ ነው፤ ጆሮ ደግፍ የምራቅ እጢ ነው። ተረቱ አንገት ላይ ሁለት ቦታ ሲያርፍ የኔዋን ሽምብራ ዘሏት ሄደ።

ስለዚህ ጉዳይ በሰፈራችን የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው፤ ስለሚያውቁም ማንም አይጠይቃቸውም። ጋሼ መምህር ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው፤ "ጉንፋን ይዞኛል" ያላቸውን ሰው ከሴል ጀምረው ነው የሚያስረዱት። ያን ቀን ባለሱቁ በር ላይ ሽንኩርት ሲመርጡ አገኙኝና በሻሼ አስተሳሰር አወቁብኝ።

"ምን ሆነሻል ልጄ?"

"እጢ ናት ጋሼ፤ አብጣብኝ።"

ሽንኩርቱን አስቀመጡት። ያኔ ነው መሮጥ የነበረብኝ።

"ደም ሲዘዋወር" አሉ፣ "ከቀጫጭኖቹ ሥሮች ውኃው ወደ ሥጋሽ ያንጠባጥባል። በቀን ወደ 20 ሊትር ይወጣል፤ 17 ሊትር ያህሉ ወዲያው ተመልሶ ይገባል። 3 ሊትር ያህሉ ደጅ ይቀራል።" መደርደሪያው ላይ ያለውን ባለ 3 ሊትር ዘይት በጣታቸው አሳዩኝ። "ያንን የሚያህል፤ በየቀኑ። ማን የሚሰበስበው ይመስልሻል?"

"ማዘጋጃ ቤት" ልል ትንሽ ቀረኝ። ለካ ሊምፍ የሚባል የራሱ መንገድ አለው። ከደም ሥር ጎን ለጎን በየሥጋው መሐል የተዘረጋ ቀጫጭን ቦይ ነው፤ የቀረውን ፈሳሽ ይለቅምና ወደ ደም ይመልሰዋል። እንደ ቸልተኛ ሾፌር ግን ዝም ብሎ አያልፍም፤ በየመንገዱ ኬላ አለ። እጢዎቹ ኬላዎቹ ናቸው። ነጭ የደም ሴሎች እዚያ ተቀምጠው የሚያልፈውን ይፈትሻሉ፤ ተሕዋስ ሲይዙ ይራባሉ፣ ኬላው ላይ ግርግር ይሆናል፣ ኬላው ያብጣል።

"እና ያበጠው ጥበቃው ነው?" አልኩ።

"ጥበቃው ነው። ሌባው የት እንደገባ ሳትጠይቁ ፊሽካ የነፋውን ዘበኛ ስትደባብሱት ዋላችሁ!"

ስለ ቦይ ሲያወሩኝ የሰፈራችን ቦይ ነው የመጣብኝ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቦይ እንዳለን ማንም አያስታውስም። የውኃ መያዣ ፕላስቲኩ፣ የጫት ገረባው፣ የላይ ቤቷ የቡና አተላ (ሰማሽ?) ሁሉም እዚያ ነው። ሐምሌ ሲገባና ውኃው ሳሎን ሲደርስ "ይሄ ቦይ ምን ሆነ?" እንላለን። አምና የጽዳት ዘመቻ ወጥተን ነበር። ሦስት አካፋ ነበረን፤ አካፋ ይዞ ፎቶ የተነሣው ግን አርባ ሰው ይሆናል። አንዷ እኔ ነኝ።

የዚህ የሊምፍ ነገር ሌላው ጉዱ የሥራ ክፍፍሉ ነው። ከቀኝ እጅ፣ ከቀኝ ደረትና ከቀኝ የራስና የአንገት ወገን የሚመጣው ብቻ በቀኝ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። የቀረው ገላ፣ ሁለቱ እግር፣ ሆድ ዕቃው ሁሉ፣ ተሰብስቦ በግራ አንገት ሥር ባለችው በር ይገባል። የድግስ ቤት ወጥ ቤት በሉት። አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዶሮ ስትበልት፣ እሳት ስትቆሰቁስ ትውላለች፤ ሌላዋ ጨው ቀምሳ "ወገቤን!" ብላ ትቀመጣለች። ማናችን የትኛዋ እንደሆንን አሁን አናንሣ።

ይህ ሁሉ ሥራ ደግሞ ያለ ልብ ነው። ለደም ልብ አለለት፤ ሊምፍ እንዲህ ያለ ማዕከላዊ መግፊያ የለውም። የራሱ የቦዮቹ ግድግዳ ጭምቅ ጭምቅ ይላል፤ የቀረውን የሚገፋው ስንራመድ የሚጨመቀው ባታችን፣ ስንተነፍስ የሚነሣው ደረታችን ነው። ወደ ኋላ እንዳይመለስ በየቦታው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር አለው። "ስለዚህ ልጄ" አሉ ጋሼ መምህር፣ "ካልተንቀሳቀስሽ ይተኛል።" ይህን ሲሉኝ ሱቁ በር ላይ ከገተሩኝ አርባ ደቂቃ ሆኖኛል። ቤት ስገባ ጫማዬ በግድ ወለቀ።

መንቀሳቀስን በተመለከተ እንግዲህ ምን እላለሁ? ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ወንበር ላይ ውለን እግራችን ሲያብጥ "ሐዘኑ ወደ እግሬ ወረደ" የምንል ሰዎች ነን። ከታች ሰፈር እስከ ላይ ሰፈር ታክሲ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት እንቆማለን፤ በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው። ባለቤቴ "ለጤናዬ" ብሎ የገዛው መሮጫ ማሽን መኝታ ቤት አለ። በጣም ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ አራት ሱሪና ሁለት ኮት ይይዛል።

የቨርጂኒያዋ እህቴ ደግሞ ከኛ ትብሳለች። ልብስ ማጠቢያው ድረስ እንኳን በመኪና ነው የምትሄደው፤ ከዚያ ማታ ማታ "ሊምፍ ያነቃቃል" የተባለ የገላ ብሩሽ ገዝታ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምራ እንደ ምንጣፍ ትቦርሻለች። ሻይም አለ፤ "ሊምፍ የሚያጸዳ"። የላከችልኝን ፓኬት ለጋሼ መምህር ባሳያቸው አገላብጠው አዩትና "ሻይ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት" አሉኝ። በስልክ ላስረዳት ስሞክር "እናንተ አገር ገና አልደረሰም" አለችኝ። ደርሷል እንጂ! እዚህም ማሻ ቤቶቹ "ሊምፍ የሚያነቃቃ" ማሸት ጀምረዋል።

ማሸቱ ራሱ ግን የቀልድ ነገር አይደለም። ኤሚል ቮደር የተባለ ዴንማርካዊ ከሚስቱ ከኤስትሪድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈረንሳይ አገር ሆነው ነው የጀመሩት፤ ጉንፋን አልለቅ ያላቸውን ሰዎች ያበጠ አንገት በለስላሳ እጅ እያሹ። ዛሬ በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የብብት እጢያቸው የወጣባቸውና እጃቸው የሚያብጥ ሴቶች በሠለጠነ እጅ ሲደረግላቸው እፎይ ይላሉ። እኛ ዘንድ ግን ተሰልፎ የሚታሸው ከማሻ ቤቱ እስከ መኪናው ለመራመድ የሰነፈ ጤነኛ እግር ነው።

እህቴን አንድ ነገር ግን አልነጥቃትም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መጻሕፍቱ አንጎል ይህ የሊምፍ መንገድ የለውም ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲና የፊንላንድ ተመራማሪዎች፣ በየፊናቸው፣ በአይጥ አንጎል ሽፋን ላይ ቦዮቹን አሳዩ። ስነግራት "እሱማ ጎረቤታችን ነው" አለች፤ በመኪና ሁለት ሰዓት የሚሄደውን። የኔ ደስታ ሌላ ነው። በየማታው በስልክ የምትጭንብኝ የዘመድ አዝማድ ወሬ የሚወጣበት ቦይ መኖሩን ማወቅ በራሱ ዕረፍት ነው።

ጋሼ መምህርን በሌላ ቀን ሳልጠይቃቸው የጨመሩልኝ የውሻ ታሪክ አለ። እኛ ዘንድ አፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1622፣ ጋስፓሬ አሴሊ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ጠግቦ የበላ ውሻ ሆድ ሲከፍት አንጀቱን ባቀፈው ስስ ሽፋን ላይ ነጫጭ ክሮች ተዘርግተው ያያል። ነርቭ መስለውት ቢወጋ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ፈለቀ። ተደስቶ ሌላ ውሻ ከፈተ፤ ምንም የለም። ሁለተኛው ውሻ አልበላም ነበር! ነጩ ነገር የምግቡ ስብ ነው። ቅቤና ዘይት እንደ ስኳር ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት አይነዳም፤ በሊምፍ ቦይ ተጭኖ፣ በደረት ሽቅብ ወጥቶ፣ በዚያችው በግራ አንገት ሥር ባለችው በር ነው ደም የሚቀላቀለው።

የፋሲካውን ዶሮ ወጥ አሰብኩት። ያ ሁሉ ቅቤ በአንገቴ በኩል ሲያልፍ ኖሮ አንድ ቀን ኮሽታውን አልሰማሁም፤ አንዲት ሽምብራ ስትነሣ ግን ሰፈር ሰበሰብኩ። "በጾም እንግዲህ ያርፋሉ ማለት ነው" ብላቸው ጋሼ መምህር ሳቁብኝ። ዘይቱ የሚንሳፈፍበት ሽሮ፣ ቁርስ ላይ ሦስት ሳምቡሳ፣ ማታ በዘይት የታሸ ፓስታ… አሴሊ የእኛን ጾመኛ ቢያገኝ ሁለተኛውን ውሻ መፈለግ ባላስፈለገው።

አያቴ ይህን ሁሉ ሳትማር ታውቅ ነበር። ልጅ ሆነን ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት ሲወጣና እያነከስን ስንመጣ እብጠቱን ዞር ብላ አታየውም። "እግርሽን አምጪ" ነበር የምትለው። ጣቶቻችንን አንድ በአንድ ከፋፍታ እሾሁን ወይም የተሰነጠቀውን ተረከዝ ታገኛለች፤ እሱን አጥባ፣ ነቅላ፣ ጨርሳ ነው "ሂጂ፣ ይጠፋል" የምትለው። ይጠፋ ነበር።

እግር ሲነሣ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። ገጠር ስንሄድ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በባዶ እግሩ ሁለት ሰዓት መንገድ መጥቶ፣ ከተማው ጫፍ ሲደርስ እግሩን አራግፎ ይጫማው ነበር፤ ጫማው እንዳያልቅ። እግሩ የሚያልቅ አይመስለውም። ዝሆኔ ከምንለው አብዛኛው በደጋው አገራችን ከዚያ ቀይ አፈር የሚመጣ ነው። ብናኙ በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ የሊምፉን ቦይ ያቆስላል፣ ይዘጋል፤ ዓመት ሲቆጠር እግሩ ያብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ አገራችን ሆኖ ነው የተከታተለው። ዛሬ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው እንዳለብን ይገመታል። ጫማና በሳሙና የታጠበ እግር ይከላከለዋል፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እኛ ግን እነዚያን ሰዎች ታክሲ ውስጥ ስናይ ወንበር እንቀይራለን። ያቺን የተጋራናትን አሞክሳሲሊን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ተቀባብለን ስንውጥ ያልፈራን ሰዎች ነን እንግዲህ።

በዘጠነኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። "እሺ እማማ፣ ምን ልርዳዎት?" አለችኝ። እማማ! እጢዬን ለትንሽ ጊዜ ረሳኋት። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ሲነካ ያማል? ሲገፋ ይንሸራተታል? ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ አለ? "ክብደትስ ቀንሰዋል?" ስትለኝ ልስማት ምንም አልቀረኝም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ጠይቆኝ ያውቃል! ለካ ቁም ነገር ነው። እጢ ደንድኖ ከቦታው አልነቃነቅ ሲል፣ ሳያም ሲያድግ፣ ከትከሻ ወደ አንገት ሥር ከሚሄደው አጥንት በላይ ሲወጣ፣ ወይም ሳምንታት ቆይቶ አልሟሽሽ ሲል፣ ትኩሳትና ላብ ሲጨመርበት፣ ቡና ላይ የሚቀርብ አይደለም። የእጢ ቲቢ አለ፤ ሌላም አለ። የኔዋ ግን ለስላሳ፣ የምታምና ተንሸራታች ሆና ተገኘች።

"አፍዎን ይክፈቱ" አለችኝ።

"አንገቴን ነው እኮ ያመመኝ።"

"ይክፈቱ እማማ።"

ከፈትኩ። መብራቷን ወደ ግራ የኋላ ጥርሴ ላከችና ዝም አለች። ከዚያ ከንፈሯን መጠጠች! ያ ጥርስ ዓመት ሆኖታል። ዓመቱን ሙሉ በቅርንፉድ ስደልለው፣ በጨው ውኃ ስለምነው፣ ወደ ቀኝ እያላመጥኩ ስሸሸው ነበር። ንፍፊቷ ምስኪን ስለሱ ስትጮህ ነው ያበጠችው። አንገቴን ሦስት ሰው ሲዳስሰው፣ ከመንጋጋዬ በላይ አንድ ጣት ከፍ ያለ የለም። አያቴ ብትኖር ኖሮ ገና ከበር "አፍሽን አምጪ" ትለኝ ነበር።

ጥርሱ ተነቀለ። (ስለዚያ ቀን አላወራም፤ ባለቤቴ ያወራላችኋል፤ ጩኸቱን በር ላይ ሆኖ ሰምቷል።) ሽምብራዋ በሦስት ሳምንት ውስጥ ምስር አከለች፣ ከዚያ ጤፍ፣ ከዚያ ጠፋች። አንዳንዴ ቴሌቪዥን ሳይ እጄ ሄዶ ይፈልጋታል፤ ለምዳኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ገንዘብ ያዧ ቡና ላይ ሻሿን ፈታ አድርጋ ወደኔ ተጠጋች። ከሐኪም ተመላሽ መሆኔን ሰምታለች። "እስቲ ንኪልኝ፣ ሁለቷ ሦስት ሆኑ" አለችኝ።

"አፍሽን ክፈቺ" አልኳት።

አፏን ግጥም አድርጋ እጇን ደረበችበት። "ጥርሴ ምን በደለሽ?" አለች በጣቶቿ መሐል። ባለቡናዋ ወደ ጀበናዋ አጎነበሰች። የላይ ቤቷ "ዓይን ነው እንጂ የምን ጥርስ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዝም ብዬ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ በአንድ ወገን ብቻ የሚያኝኩትን ቆጠርኩ፤ ሦስት። እማማን አላስገባኋቸውም፤ ጥርስ የላቸውም፣ ዳቧቸውን በቡና እየነከሩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔንም አልቆጠርኩም። እኔ እንኳን አሁንም በቀኝ ብቻ ነው የማኝከው፤ በግራ ያለው ሌላኛው ቀዝቃዛ ሲነካው ትንሽ ይጠዘጥዘኛል፣ ግን ቅርንፉድ አድርጌበታለሁ።